ከካንሰር ሕክምና በኋላ የጤና መረጃን መረዳትና መጠቀም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሕክምና ላይ እያሉ የሚጠይቁት ሰው አይጠፋም። ነርሷ አለች፣ ሐኪሙ አለ፣ አጠገብዎ ኬሞ የተሰካለት ሌላ ታካሚም አለ። ሕክምናው ሲያልቅ ቀጠሮው ይራራቃል። በሦስት ወር፣ ከዚያ በስድስት ወር፣ ከዚያ በዓመት አንዴ ይሆናል። ጥያቄው ግን አይራራቅም። እንዲያውም ለብዙ ሰው ዋናው ጥያቄ የሚመጣው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ ከካንሰር ለተረፉና ለሚያስታምሟቸው ሰዎች የተዘጋጀ ነው። የሐኪምዎን ምክር አይተካም። ከሐኪምዎ ጋር ሲነጋገሩ ግን ይረዳዎታል።

የጤና ግንዛቤ ሲባል ምን ማለት ነው?

ስለ ጤና የሚነገረውን የማግኘት፣ የመረዳት፣ የመመዘንና ሥራ ላይ የማዋል ችሎታ ነው። ማንበብ መቻል አንዱ ክፍሉ ብቻ ነው። ዶን ነትቢም የተባለው የሕዝብ ጤና ምሁር እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ጽሑፍ በሦስት ደረጃ ከፍሎታል።

በአንድ የክኒን ብልቃጥ እንየው። “በየ12 ሰዓቱ አንድ” የሚለውን አንብቦ ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አንድ ሰዓት ላይ መዋጥ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። “አንዱን ብረሳው ቀጣዩን ደርቤ ልዋጥ ወይስ የረሳሁትን ልተወው?” ብሎ መጠየቅና መልሱን ከራስ ኑሮ ጋር ማገናዘብ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ደግሞ አንድ ሰው መጥቶ “ክኒኑን ተወው፣ ይሄ ዱቄት ይሻልሃል” ሲል ነው የሚታየው። ማን አጠናው? በእኔ ዓይነት ካንሰር ላይ ተሞክሯል? የሚሸጠውስ ማን ነው? ከካንሰር የተረፈ ሰው ሦስቱም ያስፈልጉታል፤ ያውም ለዓመታት።

ሕክምናዬ ገና አላለቀም። እኔም ከካንሰር ከተረፉት እቆጠራለሁ?

አዎ። እ.ኤ.አ. በ1985 ፊትዝሂው ሙላን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የራሱን የካንሰር ሕመም መነሻ አድርጎ አንድ ጽሑፍ አወጣ። መትረፍ በአንድ ቀን የሚገኝ ነገር እንዳልሆነ፣ የራሱ ወቅቶች ያሉት ረጅም ጊዜ እንደሆነ ጻፈ። በቀጣዩ ዓመት እሱም ያለበት ቡድን ከካንሰር ለተረፉ ሰዎች የሚሟገት ብሔራዊ ጥምረት አቋቋመ። ጥምረቱም መትረፍ የሚቆጠረው ሕመሙ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ነው አለ። ዛሬ ብዙ ተቋማት የሚከተሉት ይህንኑ ነው። ስለዚህ መዘጋጀትም የሚጀመረው ያኔ ነው።

ብቻዎን አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ለ2022 ባወጣው ግምት፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ካንሰር እንዳለባቸው ታውቆ በሕይወት ያሉ ሰዎች 53.5 ሚሊዮን ይሆናሉ።

ትምህርቴ ብዙም አይደለም። ይህ ነገር ለእኔ ይሆናል?

ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2011 በስምንት የአውሮፓ አገሮች በተደረገ ጥናት፣ ከተጠየቁት ሰዎች ግማሽ የሚጠጉት የጤና ግንዛቤያቸው ውስን ሆኖ ተገኝቷል። ትምህርት ቤት በደንብ በተስፋፋባቸው አገሮች ማለት ነው። ዲግሪ ያለው ሰውም “ዕጢው አደገኛ ነው” ሲባል ከዚያ በኋላ የተነገረውን አይሰማም። ጆሮው ይሰማል፣ ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነው።

በዚያ ላይ ሕክምናው ራሱ ይጫናል። ኬሞ ከወሰዱ በኋላ ነገር መርሳት፣ ቃል መጥፋት፣ ማተኮር አለመቻል የተለመደ ነው። ሰዎች “ኬሞ ብሬን” ይሉታል። ለብዙዎች በወራት ውስጥ ይሻላል፣ ለአንዳንዶች ይቆያል። “ደነዘዝኩ መሰለኝ” ብለው ራስዎን አይውቀሱ። ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ የእንቅልፍ ችግር፣ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ መቀነስ ወይም ድብርት ሊያባብሰው ይችላል። እነዚህ ሁሉ መፍትሔ አላቸው።

ሐኪሙ የነገረኝን ከክፍሉ ስወጣ እረሳዋለሁ። ምን ላድርግ?

ሁሉም ሰው ይረሳል። ሮይ ኬሰልስ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ጥናቶችን ሰብስቦ እንደጻፈው፣ ታካሚዎች ከሚነገራቸው የሕክምና መረጃ ከ40 እስከ 80 በመቶው ወዲያውኑ ይረሳል። እናስታውሳለን ከሚሉትም ግማሽ የሚጠጋው የተሳሳተ ነው።

ከሁሉም የሚሠራው የሰሙትን በራስዎ ቃል መልሶ መናገር ነው። ሐኪሙ “ትኩሳት ካለ ይምጡ” ብሎ ሊያሰናብትዎ ነው እንበል። “እሺ” ብለው አይነሱ። “ስንት ዲግሪ ሲሆን ነው? ሌሊት ከሆነስ?” ብለው ይጠይቁ። ከዚያ ይድገሙት፦ “ስለዚህ ሙቀቴ 38 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የትኩሳት ማስታገሻ ውጬ ቤት አልጠብቅም። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል እሄዳለሁ። ኬሞ ላይ እንደሆንኩ በር ላይ ወዲያው እናገራለሁ። ትክክል ነኝ?” ይህ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ስህተት ካለ እዚያው ይታረማል። ኬሞ ላይ ላለ ሰው ደግሞ ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም። ነጭ የደም ሴል ሲቀንስ ትኩሳት በሰዓታት ውስጥ ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

ሌላው፣ ሰው ይዘው ይግቡ። ያ ሰው ይጻፍ፣ እርስዎ ያዳምጡ። ሐኪሙ ከፈቀደ በስልክ ይቅዱት። ጥያቄዎችዎን ከቤት ጽፈው ይሂዱ፤ ከሦስት አይብለጡ፣ ዋናውን መጀመሪያ ያድርጉት። “አንድ ነገር ልጠይቅ” ብለው በሩ ላይ ቆመው የሚያነሱት ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ነው፤ ጊዜ የሚያጣውም እሱ ነው።

ብዙ ስጠይቅ ሐኪሙን የተጠራጠርኩ ይመስልብኛል ብዬ እፈራለሁ።

ይህ ፍርሃት ብዙ ሰው አፉን ዘግቶ እንዲወጣ ያደርጋል። ሐኪሙን ማክበርና መጠየቅ አይጣሉም። አጀማመሩን ማለስለስ ይቻላል፦ “ዶክተር፣ ቤት ስገባ በትክክል እንዳደርገው ብዬ ነው፤ ይሄን በቀላሉ ቢያስረዱኝ?” አብዛኛው ሐኪም ደስ ይለዋል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መባል አለበት። አለመረዳት የታካሚው ጥፋት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። በማይገባ ቃል የተናገረ ባለሙያ፣ በደቃቅ ፊደል የታተመ ወረቀት፣ አምስት ደቂቃ ብቻ የተሰጠው ቀጠሮ፣ ሁሉም የድርሻቸውን ይወስዳሉ። “ገብቶዎታል?” ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም፤ ሁሉም ሰው “አዎ” ነው የሚለው። “በደንብ ማስረዳቴን እንድረዳ፣ ቤት ሲገቡ ምን እንደሚያደርጉ ይንገሩኝ” የሚል ባለሙያ ካገኙ መልካም ሐኪም አግኝተዋል።

ሕክምናዬን ስጨርስ ምን ወረቀት ይዤ ልውጣ?

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ባደረገው ዘገባ፣ ብዙ ሰው ከታካሚነት ወደ ክትትል ሲሸጋገር መሐል ላይ እንደሚጠፋ አሳየ። መፍትሔ ብሎ ካቀረባቸው አንዱ እያንዳንዱ ሰው የሕክምናውን ማጠቃለያና የክትትሉን ዕቅድ በጽሑፍ ይዞ እንዲወጣ ነበር። ይህ ዛሬም በሁሉም ቦታ አይደረግም። ስለዚህ ካልሰጡዎት ይጠይቁ።

ማጠቃለያው አንድ ወይም ሁለት ገጽ ቢሆን ይበቃል። የካንሰሩ ሙሉ ስም፣ ደረጃውና የታወቀበት ቀን ይኑርበት። ቀዶ ሕክምና ከነበረ ምን እንደወጣ ይጻፍ። “ኬሞ ወስዷል” ብቻ አይበቃም፤ የእያንዳንዱ መድኃኒት ስም መኖር አለበት። ለአንዳንዶቹ አጠቃላይ መጠኑም ያስፈልጋል። ለምሳሌ ዶክሶሩቢሲን በሕይወት ዘመን የሚወሰደው መጠን ገደብ አለው፤ ሲበዛ ልብን ይጎዳል። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሐኪም እንደገና ሊያዝልዎ ቢያስብ የመጀመሪያ ጥያቄው “ከዚህ በፊት ምን ያህል ወስደዋል?” የሚል ነው። መልሱ ከሌለ ሐኪሙ በግምት ሊሠራ ነው ማለት ነው። ጨረር ከነበረ ደግሞ የትኛው የሰውነት ክፍል ላይ፣ በስንት ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው)፣ መቼ የሚለው ይስፈር።

ከዚያ ዕቅዱ ይመጣል። የትኛው ምርመራ፣ በየስንት ጊዜው፣ ማን ያዛል? “ማን” የሚለው በጣም ይረሳል። የካንሰር ሐኪሙ “የጠቅላላው ሐኪም ያየዋል” ይላል፣ የጠቅላላው ሐኪም “የካንሰሩ ሐኪም ያየዋል” ይላል። በመሃል ምርመራው ሳይደረግ ዓመት ያልፋል።

ወረቀቱን በስልክዎ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ፤ አንድ ቅጂም ለሚያምኑት ሰው ይስጡ።

የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤቴን ሳየው ምንም አይገባኝም። ከየት ልጀምር?

የጡት ካንሰር ውጤት ላይ እንዲህ የሚል መስመር ሊያገኙ ይችላሉ፦ “ዕጢ 2.3 ሴ.ሜ፣ ግሬድ 2፣ ማርጂን ነጻ፣ ሊምፍ ኖድ 1/14፣ ኢስትሮጅን ሪሴፕተር ፖዘቲቭ፣ ኸር-2 ኔጋቲቭ።” አንድ በአንድ እንሂድበት።

2.3 ሴንቲ ሜትር የዕጢው መጠን ነው። ግሬድ ሴሎቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ከጤነኛ ሴል ምን ያህል እንደራቁ ይናገራል፤ 1 ብዙም አልራቀም፣ 3 በጣም ርቋል። ብዙ ሰው ግሬድንና ስቴጅን ያምታታል። ስቴጅ ካንሰሩ የት ድረስ እንደደረሰ የሚናገር ሌላ ነገር ነው። “ግሬድ 3” የሚለውን አንብበው “ስቴጅ 3” መስሏቸው የሚደነግጡ አሉ።

ማርጂን ነጻ ማለት ተቆርጦ የወጣው ሥጋ ጠርዝ ላይ የካንሰር ሴል አልተገኘም ማለት ነው። 1/14 ደግሞ ከታዩት 14 ንፍፊቶች በአንዱ ተገኝቷል ማለት ነው። ኢስትሮጅን ሪሴፕተር ፖዘቲቭ ከሆነ የሆርሞን ክኒን ሊጠቅምዎ ይችላል። ኸር-2 ኔጋቲቭ ማለት ኸር-2 የሚባለው ፕሮቲን በሴሎቹ ላይ አልበዛም ማለት ነው፤ የመድኃኒቱ ምርጫ በዚህም ይወሰናል። እንግዲህ ይታይዎ፤ በአንድ መስመር ላይ ያለው “ፖዘቲቭ” መልካም ዜና ሊሆን ይችላል፣ በንፍፊት ላይ ያለው “ፖዘቲቭ” ደግሞ የማንፈልገው ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ “ፖዘቲቭ ለምኑ?” ብለው ይጠይቁ።

ሌላ የሚያሳስት ነገር አለ። ካንሰር ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ ስሙን ይዞ ነው የሚሄደው። ወደ አጥንት የተዛመተ የጡት ካንሰር የጡት ካንሰር ነው፤ የሚታከመውም እንደዚያው ነው።

“ካንሰሩ አይታይም” ተባልኩ። ድኛለሁ ማለት ነው?

በተደረጉት ምርመራዎች ካንሰር አልተገኘም ማለት ነው። በጣም ጥሩ ዜና ነው። ግን ምርመራ የማያየው ጥቂት ሴል ሊቀር ስለሚችል ሐኪሞች “ድነዋል” ለማለት ይጠነቀቃሉ። ለሕክምናው “ከፊል ምላሽ” ተገኘ ሲባል ደግሞ ካንሰሩ ቀንሷል ግን አልጠፋም ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁ። የመመለስ ዕድሉ ከካንሰር ካንሰር ይለያያል፤ አንዳንዱ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ካልተመለሰ ብዙም አይመለስም፣ ሆርሞን የሚቀበለው የጡት ካንሰር ግን ከአሥር ዓመት በኋላም ሊመለስ ይችላል።

በመቶኛ የሚነገረኝ ቁጥር ግራ ያጋባኛል።

“አምስት ዓመት የመትረፍ ዕድል 80 በመቶ” ማለት አምስት ዓመት ብቻ ይኖራሉ ማለት አይደለም። ተመሳሳይ ካንሰር ከነበረባቸው 100 ሰዎች ወደ 80 የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። ብዙዎቹ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ይኖራሉ። ቁጥሩ ከዓመታት በፊት ከታከሙ ሰዎች የተገኘ ነው፤ አዲሶቹን ሕክምናዎች አያካትት ይሆናል። ስለ አንድ ሰው፣ ስለ እርስዎ፣ ደግሞ ቁጥሩ በእርግጠኝነት የሚናገረው ነገር የለም።

“ይህ መድኃኒት የመመለስ ዕድሉን በግማሽ ይቀንሳል” ሲባልም ያቁሙና “ከስንት ወደ ስንት?” ይበሉ። ከ100 ሰው ከ40 ወደ 20 ማውረድም ግማሽ ነው፣ ከ2 ወደ 1 ማውረድም ግማሽ ነው። የመጀመሪያው ለብዙ ሰው ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት ቢኖረውም የሚያስመርጥ ነው። ሁለተኛው ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው።

ሕክምናው ካለቀ ዓመታት አልፈዋል። አሁን የሚሰማኝ ነገር ከእሱ ጋር ይገናኛል?

ሊገናኝ ይችላል፤ ብዙ ሰው የማያውቀውም ይህንን ነው። አንዳንድ ጉዳት የሚታየው ዘግይቶ ነው።

አንገታቸው ላይ ጨረር የወሰዱ ሰዎች ከዓመታት በኋላ ታይሮይድ ዕጢያቸው ሊደክም ይችላል። ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ያለ ምክንያት መወፈር ይመጣል። ሰውየው “እድሜ ነው” ብሎ ይተወዋል። በአንድ የደም ምርመራ የሚታወቅና በክኒን የሚስተካከል ነገር ነው። አፍና መንጋጋ ላይ ጨረር የወሰደ ሰው ደግሞ ጥርሱን ከማስነቀሉ በፊት ለጥርስ ሐኪሙ የግድ መናገር አለበት። ጨረር የነካው የመንጋጋ አጥንት ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ላይድን ይችላል። ጥርስ ሐኪሙ ካልተነገረው በምን ያውቃል?

ከኬሞ መድኃኒቶች ሲስፕላቲን ጆሮን፣ ኩላሊትንና የእጅ እግር ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። ፓክሊታክሴልና ቪንክሪስቲን ጣት ያደነዝዛሉ። ዶክሶሩቢሲንና መሰሎቹ ልብን ሊጎዱ ይችላሉ፤ ትንፋሽ ማጠርና የእግር እብጠት ከመጣ የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል። ከብብት ሥር ንፍፊት የወጣለት ሰው ክንዱ ሊያብጥ ይችላል፤ ቀለበት ወይም ሰዓት መጥበቅ ሲጀምር ሳይውል ሳያድር ይናገር፤ በጊዜ ሲያዝ ነው የሚሻለው። የጡት ካንሰር ክኒኖች የሆኑት አሮማቴዝ ኢንሂቢተሮች አጥንት ያሳሳሉ። ጣፊያው የወጣ ሰው ትኩሳት ሲይዘው ሁልጊዜ እንደ ድንገተኛ ይቁጠረው፤ ልዩ ክትባቶችም ያስፈልጉታል።

ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ አይደርስም። የሚያስፈልገው የራስዎን መድኃኒት አውቆ “የኔ ሕክምና ወደፊት ምን ሊያመጣ ይችላል? ምንስ እንከታተል?” ብሎ መጠየቅ ነው።

በልጅነቴ ነው የታከምኩት። አሁን ደህና ነኝ። ማወቅ ያስፈልገኛል?

ከማንም በላይ። በልጅነቱ የታከመ ሰው ታሪኩን የሚያውቀው ወላጆቹ በነገሩት ልክ ነው። ወላጆች ደግሞ ልጁን ላለማስጨነቅ ብዙውን ያስቀሩታል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት በልጅነታቸው ታክመው ያደጉ 635 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ያኔ የወሰዱት ሕክምና ወደፊት ከባድ የጤና ችግር ሊያመጣ እንደሚችል የተረዱት 35 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ለምሳሌ በልጅነቷ ወይም በወጣትነቷ ደረቷ ላይ ጨረር የወሰደች ሴት የጡት ምርመራ የምትጀምረው እንደ ሌሎች ሴቶች በ40 ወይም በ50 ዓመቷ አይደለም። በልጅነት ካንሰር ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚመክሩት ከ25 ዓመቷ ወይም ከጨረሩ ስምንት ዓመት በኋላ፣ ከሁለቱ ዘግይቶ ከሚመጣው ጀምሮ ነው። ታሪኳን ካላወቀች ይህን የሚያስታውሳት አይኖርም። ወላጆችዎ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ይጠይቋቸው። የታከሙበትን ሆስፒታልም ካርድዎን ይጠይቁ፤ አሮጌ ካርዶች ከጊዜ በኋላ ሊወገዱ ይችላሉ።

የትኛው ምልክት ቀጠሮ አያስጠብቅም?

ራስ ምታት ሲይዝዎ፣ ወገብዎን ሲያምዎ “ተመለሰ” ብሎ መደንገጥ ያለ ነው። አዲስ የሆነ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልተሻለው ወይም እየባሰ የሚሄድ ነገር ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይደውሉ።

ወዲያውኑ የሚያስኬዱ ግን አሉ። ከወገብ ወይም ከጀርባ ሕመም ጋር እግር መድከም፣ መደንዘዝ ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ካለ ሰዓት አያባክኑ፤ ህብለ ሰረሰር ተጭኖ ሊሆን ይችላል፤ በቶሎ ካልታከመ እግር ሽባ ሊሆን ይችላል። አንድ እግር ብቻ ማበጥና ማመም፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ደም ማሳል፣ እንዲሁም ሕክምና ላይ ሆነው ትኩሳት እንዲሁ ናቸው።

በየጊዜው ሁሉንም ምርመራ ባደርግ አይሻልም?

የሚመስለው እንደዚያ ነው። ግን ሁልጊዜ አይደለም። ምልክት በሌለባቸው፣ በጊዜ በተገኘ የጡት ካንሰር በታከሙ ሰዎች ላይ በየጊዜው ሲቲ ስካን፣ የአጥንት ስካንና የደም ማርከር (የካንሰር ምልክት በደም ውስጥ የሚፈልግ ምርመራ) ማድረግ ዕድሜ እንደሚያራዝም አልታየም። የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበርም በዚህ ሁኔታ እንዳይታዘዙ ይመክራል። ለእነሱ ዋናው ክትትል የሐኪም ምርመራና ዓመታዊ ማሞግራም (የጡት ራጅ) ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰር ላይ ግን የደም ማርከር፣ ሲቲ ስካንና ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ ማየት) የክትትሉ አካል ናቸው። ስለዚህ “ለጎረቤቴ የታዘዘላት ለእኔ ለምን አልታዘዘም?” የሚለው ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ቅሬታ ሆኖ ከመቅረቱ በፊት ለሐኪሙ ይቅረብ።

ደህና ነኝ። ክኒኑን ባቆም ምን ይሆናል?

ሳይነግሩ ማቆም አደገኛ ነው። ለምሳሌ የጡት ካንሰር የሆርሞን ክኒን የሆነው ታሞክሲፌን ከ5 እስከ 10 ዓመት የሚወሰደው ካንሰሩ ስላለ አይደለም፤ እንዳይመለስ ነው። ብዙ ሰው የሚያቆመው በውስጥ ሙቀት፣ በመገጣጠሚያ ሕመም ወይም በስሜት መለዋወጥ ተቸግሮ ነው። ይህን ለሐኪሙ መንገር ያሳፍራቸዋል። መነገር ያለበት ግን ይሄው ነው። መድኃኒት መቀየር፣ ሰዓት ማስተካከል፣ የጎንዮሽ ጉዳቱን ማከም ይቻላል። ታሞክሲፌን ላይ ሆነው፣ በተለይ ካረጡ በኋላ፣ ከማህፀን ደም ካዩ ደግሞ ሳይቆዩ ይታዩ።

ኢንተርኔት ላይ የማነበውን ምን ያህል ልመን?

መጀመሪያ ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ምን እየሸጠ ነው የሚለውን ይዩ። “ሁሉንም ካንሰር ያድናል” የሚል ነገር ሲያዩ ይለፉት፤ ካንሰር ከመቶ በላይ ዓይነት አለው፣ አንድ መድኃኒት ለሁሉም አይሆንም። “ሐኪሞች የደበቁት” የሚል ካለበትም እንዲሁ። የአንድ ሰው ምስክርነት እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን የዚያ ሰው ካንሰር የእርስዎ አይደለም።

ለጥያቄ መልስ የሚሰጡ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችም ቃል ለማስረዳት ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን የተሳሳተውንም በልበ ሙሉነት ይናገራሉ። መድኃኒት ለመጀመር ወይም ለማቆም በእነሱ አይወስኑ።

ዕፅዋትን በተመለከተ “ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም” የሚለው እውነት አይደለም። ሴንት ጆንስ ወርት የተባለው ለድብርት የሚወሰድ ዕፅ ኢማቲኒብና ኢሪኖቴካን የተባሉትን የካንሰር መድኃኒቶች በደም ውስጥ ይቀንሳቸዋል። ታካሚው መድኃኒቱን በሰዓቱ እየዋጠ ሳይበቃው ይቀራል። የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩ። ቢቆጣስ? ቢቆጣም ይንገሩት።

ናሙና መውሰድ ካንሰር ይበትናል፣ ካንሰር በመብላት በመጠጣት ይጋባል የሚሉትን እዚሁ እንዝጋ። ካንሰር አብሮ በመኖር አይተላለፍም። ናሙና ካልተወሰደ ደግሞ ትክክለኛው ሕክምና አይታወቅም፤ ናሙናው ካንሰር የመበተን ዕድሉም እጅግ አነስተኛ ነው።

ቤተሰቦቼ ውጤቴን እየደበቁኝ ይመስለኛል።

ከፍቅር ነው የሚያደርጉት። ግን ሳያውቁ የሚታከሙ ሰው መጠየቅም መወሰንም አይችሉም። ለቤተሰብዎም ለሐኪምዎም በቀጥታ ይንገሩ፦ “ስለ ሕመሜ መጀመሪያ የምሰማው እኔ መሆን እፈልጋለሁ።” በተቃራኒው ዝርዝሩን መስማት የማይፈልጉ ሰዎችም አሉ፤ ያም መብት ነው። ያኔ “ለእገሊት ንገሯት፣ እሷ ትጠይቅልኝ” ማለት ይቻላል። አስታማሚ ከሆኑ ደግሞ ሥራዎ መጻፍ፣ ማስታወስና ማሳሰብ ነው፤ በታመመው ሰው ፈንታ መልስ መስጠት ግን አይደለም።

ሐኪሙና ታካሚው ቋንቋ ካልተግባቡ ሕፃን ልጅን አስተርጓሚ አያድርጉ። ልጁ የከበደውን ይዘላል፣ የተረዳውንም ብቻውን ተሸክሞ ይገባል። ሠልጥኖ የሚሠራ አስተርጓሚ ካለ ይጠይቁ።

ከሕክምናው በኋላ እኔ ራሴ የማደርገው ነገር አለ?

አለ። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ማቆም ከካንሰር በኋላም ይጠቅማል፤ “አንዴ ይዞኛል” ብሎ መቀጠል ስህተት ነው። የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ከካንሰር የተረፉ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል። ከአሥር ደቂቃ ተነስተው ቀስ በቀስ ይጨምሩ። ክትባት ከመውሰድዎ በፊት ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ኬሞ ላይ እያሉ ሕያው ተሕዋስ ያለበት ክትባት አይሰጥም።

ብዙ ማወቅ ፍርሃቴን አያባብሰውም?

ለአንዳንድ ሰው ለጊዜው ያባብሳል። በተለይ ሌሊት ስልክ ይዞ ከገጽ ወደ ገጽ መዝለል እንቅልፍ ይነሳል። መጠኑን መወሰን ይቻላል፤ ጥያቄውን ወረቀት ላይ ጽፎ ለቀጠሮ ማስቀመጥ አንዱ መንገድ ነው። ካንሰሩ ይመለሳል የሚለው ፍርሃት ከካንሰር ከተረፉ ሰዎች ዘንድ በጣም የተለመደ ነው፤ ምርመራ ሲቃረብ ይጨምራል። ሥራ የሚያስፈታና እንቅልፍ የሚያሳጣ ከሆነ ግን እሱም ይታከማል። ለሐኪምዎ ሲናገሩ “እፈራለሁ” ብቻ አይበሉ፤ “ስንት ሌሊት አልተኛሁም፣ ምን ሥራ አቆምኩ” ብለው ይንገሩ። እንደዚያ ሲነገር ነው ባለሙያው የችግሩን ክብደት የሚያየው።

ወረቀቶቼን እስከ መቼ ላስቀምጥ?

ዕድሜ ልክ። የፓቶሎጂ ውጤትዎን፣ የሕክምና ማጠቃለያዎንና የመጨረሻውን ስካን በፍጹም አይጣሉ። ሆስፒታል ሲቀይሩ ዋናውን አይስጡ፤ ቅጂውን ይስጡ።